ሦስት ጌጅ ከሶማሌ ተራ፣ አንድ በር ከእናቴ ቁም ሳጥን

ቮልሴ እ.ኤ.አ. የ1970 ባለ 1300 ናት። ከእኔ በፊት የነዳት ሰው ካሴት ማጫወቻ ለማስገባት ብሎ የዳሽቦርዱን ላሜራ መሃል ለመሃል ቀዶታል። ካሴቱን ይዞት ሄደ፤ ለእኔ የደረሰኝ ቀዳዳው ነው። ሁለት ዓመት አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ከረመ። ዘንድሮ ግቢያችን ውስጥ የራሴን ዳሽቦርድ ሠርቼ ሸፈንኩት። ሁሉን ነገር የሠራሁት በሦስት ጌጆች (ዳሽቦርድ ላይ የሚገጠሙ ባለ ቀስት መለኪያዎች) ልክ ስለሆነ ስለ እነሱ ልንገራችሁ።

የገዛሁት መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ስም የሌላቸው የቻይና ዕቃዎች ናቸው። 52 ሚሊ ሜትር፣ ጥቁር ፊት፣ ነጭ ቁጥር። የዘይት ግፊት፣ ቮልትና የውሃ ሙቀት። ለሦስቱ 6,500 ብር ከፈልኩ። ሻጩ «የኔ ወንድም፣ ለቮልስ ልኩ ይሄ ነው» አለኝ። ቮልስ በአየር እንጂ በውሃ እንደማትቀዘቅዝ ስነግረው ሳቀና የውሃውን አንስቶ በቤንዚን ጌጅ ቀየረልኝ። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ወጣሁ።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። የእናቴ የድሮ ቁም ሳጥን አንዱ በሩ ወልቆ በረንዳ ላይ ተደግፎ ነበር። መጀመሪያ ልኩን በካርቶን አወጣሁ። ሦስት ካርቶን ተበላሸ፤ እንጨቱ ግን አንዴ ብቻ ተቆረጠ። ድሪል ላይ የሚገጠም ክብ መጋዝ ከጎረቤት አናጢ ተዋስኩ። ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ቀን፣ ቫርኒሽ አራት ጊዜ። ቀለሙ ፍክት ሲል እናቴ መጥታ አየችው። «ሳጥኔን ነው መኪና ላይ የለጠፍከው?» አለች። ትንሽ ቆማ «ያምራል» ብላ ገባች።

የሽቦ ሥራ ቮልስ ላይ ቀላል ነው። የፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ካርቶኑን ስታነሱ የዳሽቦርዱ ጀርባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወለል ላይ በጀርባ ተኝቶ አንገት ማጣመም የለም። ሆኖም ጨርሼ መብራት ሳበራ ጌጆቹ ጭል ጭል አሉ፤ የቮልቱ ቀስት ተንቀጠቀጠች። ግማሽ ቀን ፊውዝ ስፈትሽ ዋልኩ። ለካ ነገሩ እንጨቱ ነው! ላሜራ ላይ የተገጠመ ዕቃ ኔጋቲቩን ከላሜራው ያገኛል። ዋንዛ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ለእያንዳንዱ ጌጅ ለብቻው ጥቁር ሽቦ ስቤ፣ በስታኞ አያይዤ፣ ሁሉንም ሰብስቤ ቦዲው ላይ በብሎን አሰርኩ። ሦስቱም ቦግ አሉ። አብሯቸው የመጣው ወረቀት ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፈም።

ከሦስቱ ምርጡ ቮልቱ ነው። በዲጂታል መለኪያ አመሳከርኩት፤ ልዩነቱ 0.2 ብቻ። ሞተሩ ሲሮጥ 14 አካባቢ ይቆማል። መገናኛ መንገድ ተዘግቶ በሚኒሞ ስቆም ወደ 12 ይወርዳል። አትደንግጡ፤ የድሮ ዲናሞ በዝቅተኛ ዙር እንደ ነገሩ ነው ቻርጅ የሚያደርገው።

የዘይት ግፊቱም ጥሩ ነው፣ ግን ተጠንቀቁ። ግፊቱን የሚለካው፣ ሞተሩ ላይ የሚገባው ሴንሰር ጥርሱ የአሜሪካ ልክ ነው፤ የቮልስ ሞተር ደግሞ ባለ 10 ሚሊ ሜትር። ሁለት ዙር ያህል ሰተት ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። እዚያ ላይ በቁልፍ እንዳትታገሉ። የሞተሩ አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ይሰነጠቃል። እኔ ቶርኖ ቤት ሄጄ ማገናኛ አሠራሁ።

የቤንዚኑ ጌጅ ግን ጉድ ሠራኝ። ታንኩን ሞልቼ ሳምንት ነዳሁ፤ ቀስቷ ከሦስት አራተኛ አልወርድ አለች። «ቮልስ ቤንዚን አትበላም» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ። በማግስቱ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ ቀጥ አለች። ቀስቷ ያው ሦስት አራተኛ ላይ። ታንኩ ደረቅ። ጀሪካን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። የቮልስ ታንክ ሴንሰር፣ ታንኩ ሲሞላ 10፣ ባዶ ሲሆን 73 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ገደማ ነው። ይሄ ጌጅ ደግሞ ሲሞላ 33፣ ባዶ ሲሆን 240 ለሚሰጥ ሴንሰር የተሠራ ነው። የእኔ ባዶ ታንክ ለእሱ ጥጋብ ነው። የእነ 1950 ቮልሶች ጭራሽ ጌጅ አልነበራቸውም፤ ቤንዚን ሲያልቅ በእግር የሚነካ የመጠባበቂያ መክፈቻ ነበራቸው። ቢያንስ አይዋሽም።

የባሰው ደግሞ የመኪናዋ የራሷ የድሮ የቤንዚን ጌጅ አልሞተም ነበር። የሰፈራችን አሮጌ መካኒክ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ «ልጄ፣ ይሄ መች ሞተ?» ብለው ታንኩ ላይ ያለውን የዛገ የሽቦ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት። ተነሳ። እስካሁን ይሠራል።

ስለዚህ ቮልቱንና ዘይቱን ግዙ፤ ቤንዚኑን ተዉት። የታንካችሁን ሴንሰር ሳትለኩ በሻጭ ቃል ብቻ አትግዙ።

ጌጁን ይዤ ሱቁ ተመለስኩ። የተገጠመ ዕቃ ገንዘቡ አይመለስም ተባልኩ። «ግን ልቀይርልህ እችላለሁ» ብሎ ከመደርደሪያ ያወረደው ያንኑ የውሃ ሙቀቱን ነው። ሦስተኛው ቀዳዳ ባዶ ስለሆነ ወሰድኩት። እንጨቱ ላይ ያምራል። ቀስቷ ንቅንቅ አትልም።