ተጠንቀቁ፦ «ሙሉ የዌዘሪንግ ስብስብ» ተብሎ ባሕር ዳር ላይ የሚሸጠው ካርቶን

ሰሞኑን ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ ለሞዴል አውሮፕላን ሠሪዎች በ6,800 ብር የሚዞር አንድ የዌዘሪንግ፣ ማለትም ሞዴሉን ያገለገለና የቆሸሸ የማስመሰያ፣ ካርቶን አለ። ውስጡ ስድስት ብልቃጥ፣ ሁለት ቆርቆሮ ስፕሬይ፣ አንድ የዲካል (ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ወረቀትና ሦስት ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ይዟል። ለሚግ-21ም፣ ለኤፍ-5ም፣ ለሱ-27ም ይሆናል ይላሉ። አትግዙት። የገዛችሁም ካላችሁ ሞዴሉን ከመንካታችሁ በፊት ይህን አንብቡ፤ የዚህ ካርቶን ክፋቱ የሚታየው ቀለሙም ዲካሉም ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻው ቀን ነውና።

ከሁሉ የከፋው ማቅጠኛው ነው። ብልቃጡ ላይ የጃፓኑ የሞዴል ኩባንያ ስም ያለበት «ታሚያ ኤክስ-20» ተለጥፎበታል። እውነተኛው ኤክስ-20 የኢናሜል ቀለም ማቅጠኛ ሲሆን ጫፉ ላይ «ኤ» ያለበት ኤክስ-20ኤ ደግሞ የአክሪሊክ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን አንዱም አይደለም፤ ጋራዥ ለመኪና ቀለም የሚጠቀምበት ናይትሮ ቲነር ነው። ክዳኑ ገና ሲላቀቅ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ይህ ለምን ሥራ እንደሚያበላሽ ለመረዳት የአሠራሩን ቅደም ተከተል ማሰብ ይበቃል። መጀመሪያ አክሪሊክ ቀለም፣ ከዚያ አንጸባራቂ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ዲካል፣ እንደገና አንጸባራቂ ቫርኒሽ፣ ቀጥሎ የፓነል መስመሮችን (የአውሮፕላኑ ቆዳ የተጋጠመባቸውን ስስ ቦዮች) የሚያጎላው የኢናሜል ወይም የዘይት ዋሽ፣ ማለትም በጣም የቀጠነ ቀለም፣ ይመጣል። ዋሹ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ትርፉ በማቅጠኛ በረጠበ የጆሮ ጥጥ ይጠረጋል። የኢናሜል ማቅጠኛ የደረቀ አክሪሊክ ስለማይነካ ትርፉ ብቻ ይነሳል፣ መስመሩ ውስጥ ያለው ይቀራል። ናይትሮ ቲነር ግን እንዲህ አይመርጥም፦ ዋሹንም፣ ቫርኒሹንም፣ ዲካሉንም፣ ካሞፍላጁንም ጠርጎ ከሥሩ ያለውን ፖሊስቲሪን ፕላስቲክ ያሟሟል። የሁለት ወር ሥራ በአንድ ጥጥ ይሄዳል።

ፈተናው ቀላል ነው። ከሞዴሉ ስፕሩ፣ ማለትም ክፍሎቹ ተያይዘው ከመጡበት ፍሬም፣ አንድ ቁራጭ ቆርጣችሁ ሻጩ ዘንድ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ጠብታ አድርጉበት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ በጆሮ ጥጥ እሹት። ጥጡ ከተጣበቀና ክር ክር ካወጣ ያው ቲነር ነው። ሻጩ «ይህን ማድረግ አይቻልም» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ሁለተኛው ብልቃጥ «የፓነል መስመር ዋሽ» የተባለው ነው። የቤት የዘይት ቀለም በቤንዚን ቀጥኖ ነው የተሞላው። ቤንዚን በስንጥቅና በመገጣጠሚያ ሰርጎ ስለሚገባ ቀለም ያልነካው፣ ውጥረት ያለበት ፕላስቲክ ላይ ሲደርስ ይሰነጥቀዋል። ማረፊያ እግሮቹና ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ቀድመው ይሄዳሉ። ማታ ደህና የነበረ እግር ጠዋት ተሰብሮ ይገኛል። ጥቁረቱም ራሱ ችግር ነው፤ ድፍን ጥቁር መስመር በፈዛዛ ካሞፍላጅ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ይመስላል።

ይህን ዋሽ ራሳችሁ ብትሠሩት ይሻላል። ሰዓሊዎች የሚጠቀሙበትን ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም የአተር ፍሬ ያህል ካርቶን ላይ አድርጋችሁ ዘይቱ እንዲመጠጥ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ አንድ እጅ ቀለም በአሥር እጅ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በጥብጡ። አኳራጅ ስትገዙ ከታሸገ ቆርቆሮ ይሁን፤ በሀይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ እንደሚጨምሩት ሁሉ። እሱንም በስፕሩ ፈትኑት። ስትጠርጉ ክንፍ ላይ ከፊት ወደ ኋላ፣ አካሉ ጎን ላይ ከላይ ወደ ታች ይሁን፤ ቆሻሻ በነፋስና በዝናብ የሚሄደው እንደዚያ ነው።

ሦስቱ ብልቃጥ «ፒግመንት» (ደቃቅ የቀለም ዱቄት) ይላሉ፦ አቧራ፣ ጭቃ፣ ዝገት። ሦስቱም የተፈጨ ጡብ ናቸው፣ የሚለያቸው የተጨመረባቸው ከሰል መጠን ብቻ ነው። ጎጃም ተቀምጦ ቀይ አፈር በብር መግዛት ጣና ዳር ሆኖ ውሃ እንደመሸመት ነው፤ ያም ሆኖ ዋናው ጉዳይ ዋጋው ሳይሆን የቅንጣቱ መጠን ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ቅንጣት በ1/72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ ሞዴል፣ ሲሰላ የ7.2 ሚሊ ሜትር ጠጠር ነው። አቧራ ሳይሆን የተበተነ ኮረት ይመስላል። ደቃቁን ለማግኘት አፈሩን ውሃ ባለበት ሀይላንድ ውስጥ በጥብጡ፣ አንድ ደቂቃ አቆዩ፣ ከላይ ያለውን ድፍርስ ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፣ አሳድራችሁ ውሃውን አፍስሱና ዝቃጩን አድርቁ። ይህንም ጎማው ላይ፣ የጎማ ማስገቢያው ውስጥና ሆዱ ላይ ከጎማው ኋላ ብቻ።

ዝገቱን ጨርሶ ተዉት። የእነዚህ አውሮፕላኖች ቆዳ በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ቀለሙ ሲላጥ ብርማ ይወጣል እንጂ ቡናማ ዝገት የለውም። የተላጠ ቦታ ስትሠሩም መጠኑን አስቡ፦ በ1/72 ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ነጥብ 7.2 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በ1/48 ደግሞ 4.8። የጥገና ሠራተኛ በሚረግጠው የክንፍ ሥርና በክዳኖች ዙሪያ ጥቂት ይበቃል።

ዲካሉ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ተብሎ የቀረበ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ክብ ነው፤ በቢሮ ኢንክጄት ፕሪንተር የታተመ። የቢሮ ፕሪንተር ነጭ ቀለም ስለሌለው ቢጫው ከሥሩ ነጭ አላገኘም፤ አረንጓዴ ካሞፍላጅ ላይ ሲያርፍ ይጠፋል። ክሊር ቫርኒሽም አልተነፋበትም፤ ስለዚህ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ቀለሙ ይፈስሳል። በረጠበ ጣት ጥጉን ንኩት፣ ጣታችሁ ቀይ ከሆነ አትጠቀሙበት።

ሁለቱ ስፕሬዮች «አንጸባራቂ» እና «ማት» (የማያንጸባርቅ) ተብለዋል። ተለጣፊውን በጥፍር ብትልጡት ሁለቱም ሥር የመኪና ክሊር ኮት ጽሑፍ ይወጣል። ማት የሚባል ነገር የለበትም፤ ሟሟው ደግሞ ዲካል ያጨማድዳል። እውነተኛ ማት ስታገኙም በክረምት፣ በተለይ ጣና ዳር ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት፣ አትንፉ፤ ሟሟው ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዝ እርጥበት ይይዝና ነጭ ጉም ይሠራል። ደብረ ማርቆስ ላሉ የጠዋት ብርዱም ያስቸግራል። እኩለ ቀን ጠብቁ፣ ቆርቆሮውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አቆዩ (ምድጃ ላይ በጭራሽ፣ ይፈነዳል)፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ስስ አድርጋችሁ ንፉ።

ቀሪው ብልቃጥ ብርማ የቤት ቀለም ነው፣ ብዙ የሚባልለት የለም።

አሻሻጡ በቴሌብር ቀብድ ነው፤ ካርቶኑ በአውቶቡስ ይላካል፣ ከተከፈተ አይመለስም፣ ደረሰኝ የለም። ደረሰኝ ከሌለ ለመከራከር ይከብዳችኋል። ከፍታችሁ ሳትፈትኑ ሳንቲም አትላኩ።

ገዝታችሁ ከሆነ፦ ቲነሩን ብረታ ብረት ዕቃና የደረቀ ፔኔሎ ለማጠብ ተጠቀሙበት፣ መስኮት ከፍታችሁና ከእሳት ርቃችሁ። ቤንዚን ያለበትን ዋሽ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። ቲነር የነካው ሞዴል ካለ ወዲያው አትነካኩት፤ ፕላስቲኩ እንዲጠነክር ሁለት ቀን ተዉት፣ ከዚያ በውሃ እያራሳችሁ በ1000 ቀጥሎም በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና ያን ቦታ እንደ አዲስ ቀቡ። ለዚህ ሥራ ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ሦስቱ የብርጭቆ ወረቀቶች ደህና ናቸው።