ፊትሽን ማን ሠራው ለምትሉኝ

ሰሞኑን «ፊትሽ ጠራ፣ ምን ተቀባሽ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ለሁላችሁም መልሴ አንድ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የምትሠራ አንዲት ሲስተር አለች፣ የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ከሐኪሙ ጋር ነው የምትሠራው። ስሟ እዚህ እንዲወጣ አልፈለገችም። ምስጋናዬን ግን ማንም ይስማው።

መጀመሪያ የወደድኩላት ጥያቄዋን ነው። ኬሚካል ፒል፣ ማለትም የላይኛውን ቆዳ በአሲድ የሚያላልጠውን ሕክምና፣ ልሠራ ብዬ ስገባ ጠርሙስ አላነሳችም። እርጉዝ ነሽ? የብጉር ኪኒን ትወስጃለሽ? አስፕሪን ይቆጣሻል? ከንፈርሽ ላይ ምች ይወጣብሻል? ቁስል ሲሽርልሽ ጠቁሮ ይቀራል? እዚህች ላይ ቆየች። ሐኪሞች ቆዳን ፀሐይ ሲነካው በሚያሳየው ጠባይ ከ1 እስከ 6 ይመድቡታል፤ እኛ አብዛኞቻችን ወደ መጨረሻው ነን። እንዲህ ያለ ቆዳ ሲቆጣ ይጠቁራል። ጠንካራ አሲድ ብጉሩን አጥፍቶ ጥቁር ምልክት ሊተክልብን ይችላል ማለት ነው። ፌኖል የሚባለውን ጥልቅ ፒል እርሱት አለችኝ። ቲሲኤ (TCA) የሚባለው አሲድም ቢሆን የሐኪም እጅና ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለእኔ ወዛም ፊት የመረጠችው ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። ቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ የተደፈነው ቀዳዳ ድረስ ይገባል። መጀመሪያ ከጆሮዬ ጀርባ ሞክራ ሌላ ቀን ቀጠረችኝ። ዋናው ቀን ሲመጣ እንደ ሚጥሚጣ ለበለበኝ! በካርቶን እያራገበችልኝ «ቻይው እህቴ፣ አሁን ያልፋል» ትለኛለች። እውነትም አለፈ። መስታወት ሳይ ግን ክው አልኩ፤ ፊቴ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። ለካ ፈሳሹ ሲተን የቀረው አሲዱ ነው። በውሃ ታጥቦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሲላላጥ እንዳልነካው አስጠነቀቀችኝ።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከወለደች በኋላ ማድያት ወጥቶባታል፣ ቆዳዋም ደረቅ ነው። አብራኝ ሄደች። ሲስተር ለሷ ምንም አልቀባችም። ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ክሬም አስወጥታ ጀርባውን አነበበች። ገበያ የሚሸጠው የሚያቀላ ክሬም ነው፣ ስቴሮይድ የሚባል፣ ሲቆይ ቆዳን የሚያሳሳ መድኃኒት አለበት። «በዚህ በሳሳ ፊት ላይ አሲድ አላፈስም» ብላ ወደ ሐኪሙ መራቻት። ብር ይዘን ቆመን እኮ ነው የመለሰችን! አቦ፣ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ክሬሙን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ አቆመች። ቆዳዋ ሲያገግም ሲስተር ቀለል ባለ ላክቲክ አሲድ ጀመረችላት። ግላይኮሊክ የሚባለው አሲድ ቶሎ ዘልቆ ስለሚገባ ለሷ ይከብዳል። ማንደሊክ የሚባለው ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚገባ ለጠይም ቆዳ ይመቻል፣ ወደፊት ይታያል ተብላለች። ማድያቱ ፈዟል እንጂ አልጠፋም። ሲስተርም ፒል ብቻውን እንደማያጠፋው፣ ፀሐይ ካገኘው እንደሚመለስ ቀድማ ነግራታለች።

የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም)፣ ውጭ ስትውሉ በየ2 ሰዓቱ መደገም አለበት። ይህን ካልቻላችሁ ፒሉን ተዉት ትላለች፣ ቀልድ የላትም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የቅዳሜ ወረፋው አይጣል ነው። በሥራ ቀን ሂዱ። አቅጣጫውን የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ። ቤት ያለውን ክሬም ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።