ለወሊድ ፍርሃት የተከታተልኩት የሥነ ልቦና ሕክምና

ለዓመታት እጄን ደጋግሜ እንድታጠብ ሲያስገድደኝ የኖረው ኦሲዲ (የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ድርጊት ደጋግሞ እንዲፈጽሙ የሚያስገድድ የአእምሮ ሕመም)፣ ሳረግዝ ወደ ምጥ ፍርሃት ዞረና የጽንሱን እንቅስቃሴ ስቆጥር ማደር ያዝኩ። ሕክምና የጀመርኩበት ተቋም የሚጠቀመው፣ ታካሚው የሚያስፈራውን ነገር ደረጃ በደረጃ እየተጋፈጠ ማረጋገጫ የመፈለግ ልማዱን እንዲተው የሚያሠለጥነውን ዘዴ ነው፤ ባለሙያዋ በመጀመሪያ «ምጥ» የሚለውን ቃል ደጋግሜ እንድጽፍ፣ ቀጥሎም የማዋለጃ ክፍል ፎቶ እያየሁ ባለቤቴን «ደህና እወልዳለሁ አይደል?» ብዬ ሳልጠይቅ ጭንቀቱ በራሱ እስኪበርድ እንድቆይ አደረገችኝ። ሐኪሜ ያዘዘችልኝን ክትትል ግን ባለሙያዋ አላስቀረችብኝም፤ አስፈላጊ ጥንቃቄንና የበሽታውን ትእዛዝ ለይታ ማሳየቷ (ለእኔ ሁለቱ አንድ ነበሩ) ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። ቅር ያሰኘኝ፣ ተቋሙና አዋላጅ ነርሷ መረጃ ስለማይለዋወጡ ያንኑ አስጨናቂ ታሪክ ሁለት ጊዜ ከሥሩ ለመተረክ መገደዴ ነው።