ለሳቢያኑ የቮልስ መካኒክ ምስጋና

ሮለር ሮከር (ጫፉ ላይ ተሽከርካሪ ሮለር ያለው የቫልቭ መክፈቻ ክንድ) አስመጥታችሁ «ማን ይግጠምልን» ለምትሉ የድሬ ባለ ቮልሶች፦ ሳቢያን ገብታችሁ የቮልሱን መካኒክ ጠይቁ፤ ያሳዩዋችኋል። ስማቸውን ያልጻፍኩት ራሳቸው «እኔን እዚያ እንዳትለጥፉኝ» ስላሉ ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።

ሮለር ሮከር እንደ ካንዴላ ነቅለው የሚተክሉት ዕቃ አይደለም። የፋብሪካው ሮከር ምጥጥኑ (በአንድ በኩል የተገፋውን በሌላው ስንት እጥፍ አድርጎ እንደሚያንቀሳቅስ) 1.1 ነው፤ አዲስ የሚገጠመው ሮለር 1.25። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) 8 ሚሊ ቢያነሳ ቫልቩ በድሮው 8.8፣ በአዲሱ 10 ሚሊ ይከፈታል። ስለዚህ ጋሼ ስፕሪንጉን ያያሉ፦ ቫልቩ ሙሉ ሲከፈት በጥምጥሞቹ መሃል የሚቀረው ክፍተት ተደምሮ 1.5 ሚሊ ካልሞላ አይገጥሙም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ኮምፕሬሽን ይለካሉ። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የ3ኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚጋርድ የጭስ ማውጫ ቫልቩ ቀድሞ ይቃጠላል፤ ደንገጎን በሙቀት ሲወጣ የኖረ ቮልስማ አይነሳ። በተቃጠለ ቫልቭ ላይ አዲስ ሮከር መግጠም ብር መጣል ነው።

ዋናው ሙያቸው ፑሽ ሮዱ (ከካምሻፍቱ በኩል ሮከሩን የሚገፋው ዘንግ) ላይ ነው። የቫልቩን ጫፍ በማርከር ያጠቁራሉ፣ ርዝመቱ የሚስተካከል የመለኪያ ፑሽ ሮድ ያስገባሉ፣ ከዚያ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር ያዞራሉ። ሮለሩ የሄደበት ላይ ቀለሙ ተልጦ ያበራል። መስመሩ ቀጭን ሆኖ መሃል ከዋለ ጥሩ ነው፤ ወደ ጠርዝ ከሸሸ ቫልቩ ወደ ጎን እየተገፋ ጋይዱን (ቫልቩ የሚንሸራተትበትን ቱቦ) ይበላል። ከሮከሩ ማቆሚያ ስር ሺም (ስስ ማስነሻ ዝርግ) እየጨመሩ እየቀነሱ፣ ፑሽ ሮዱን እያስረዘሙ እያሳጠሩ፣ እንደገና እያጠቆሩ ያያሉ። ልኩ ሲገኝ ፑሽ ሮዶቹ ቶርኖ ቤት ይቆረጣሉ፤ ያውም የግራና የቀኙ ለየብቻ ተለክቶ። አንዱ ቴስታታ (የሲሊንደር ራስ) ብቻ የተላጨበት ሞተር ላይ ስምንቱንም በአንድ ልክ ማስቆረጥ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

ማቆሚያውን የሚይዙትን ዳዶዎች በ13 ኪያቤ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ 25 ኒውተን ሜትር ላይ ይቆማሉ። አልፎ ማጥበቅ ስታዱን (ዳዶው የሚጠብቅበትን ብሎን) ከአሉሚኒየሙ ቴስታታ ነቅሎ ያወጣል።

ፑንቴሪያው (በሮከሩና በቫልቩ መሃል ያለው ክፍተት) ላይ «ቀዝቃዛ ሞተር» ማለት ለእሳቸው ያደረ ሞተር ነው። ከሰዓት በድሬ ፀሐይ የመጣ መኪና አይነኩም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። 1ኛውን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ላይ አቁመው ሁለቱን ቫልቮች ያስተካክላሉ፣ ከዚያ ፑሌጃውን ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ግማሽ ግማሽ ዙር እያዞሩ 2፣ 3፣ 4 ይላሉ። የብዙ ሰው ስህተት ያለው እዚህ ነው። የፋብሪካው ፑሽ ሮድ አሉሚኒየም ስለሆነ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይለጠጣል፤ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ነው። የብረት ፑሽ ሮድ ግን ሞተሩን ያህል አይለጠጥም፤ ሲሞቅ ክፍተቱ በራሱ ይሰፋል። ስለዚህ ከብረት ጋር ዜሮ ይደረጋል፦ ፑሽ ሮዱ በጣት ይሽከረከራል፣ ወደፊትና ወደኋላ ግን አይንቀሳቀስም። ብረቱን በ0.15 ቢያስሩት ሞተሩ እንደ ስፌት መኪና ይንጫጫል። አሉሚኒየሙን በዜሮ ማሰር ደግሞ የባሰ ነው፤ ቫልቩ ጥርቅም ብሎ ካልተዘጋ ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስተላለፍ ስለማይችል ይቃጠላል። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር ጋሼ ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይፈትሻሉ።

የሮከሮቹን ክዳን ከመዝጋታቸው በፊት ውስጡን ግራሶ ቀብተው ሞተሩን በእጅ ያዞራሉ። ግራሶው ላይ ጭረት ከታየ ሮከሩ ክዳኑን እየነካ ነው፤ በዚያ ክዳን ሞተሩ አይነሳም። የሮከሮቹን ኩሽኔታ አስቀድመው በዘይት ያርሳሉ፣ የቡሽ ጓርኒሲዮኑም ሁሌ አዲስ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ለድጋሚ ማስተካከያ ይቀጥሩዋችኋል፤ ክፍያ የለውም።

ጉድለታቸውንም ልናገር፦ ዝግ ይላሉ። መኪናው ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ስልክም አያነሱም። ሺሙንና ፑሽ ሮዱን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መኪናውን ደግሞ ማታ አድርሱላቸው፣ እዚያው ይደር።