ሲሚንቶውን ባልቀባው ኖሮ! የጭቃ ጣሪያዬ ከ14 ወር በኋላ

አምና ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ግንባሬ ላይ ውሃ ጠብ አለ። መብራት አበራሁ። ከራስጌዬ በላይ ጣሪያው የምጣድ ያህል ረጥቧል። «በዚህ ዘመን የጭቃ ጣሪያ?» ያሉኝ የድሬዳዋ ሰዎች ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ክፍሏን ግቢዬ ውስጥ ያሠራኋት ሰኔ ላይ ነው። ወርዷ 3 ሜትር፣ የግድግዳዋ ውፍረት 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ጣሪያዋ የኑብያ (የደቡብ ግብፅና የሰሜን ሱዳን አካባቢ) ቅስት የሚባለው ነው። ወራጅ የለው፣ ማገር የለው፣ ቆርቆሮ የለው። ያልተተኮሰ የጭቃ ጡብ ብቻ። ግንበኛው የመጀመሪያውን ረድፍ ዘንበል አድርጎ የኋላ ግድግዳው ላይ ያስደግፈዋል። ቀጣዩ በዚያኛው ላይ ይደገፋል። እርጥቡ ጭቃ ጡቡን ይዞ ስለሚያስቀረው ከሥር የሚሸከም እንጨት አያስፈልግም። እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት በረሃማ አገር የተወለደ ሙያ ነው። ግብፅ፣ ሉክሶር ውስጥ በፈርዖኑ በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን በጭቃ ጡብ የተሠሩ የጎተራ ቅስቶች ከ3,000 ዓመት በላይ ቆይተው ዛሬም ቆመዋል። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እዚያው ሉክሶር አጠገብ አዲሱ ጉርና የተባለውን መንደር ሲሠራ የተጠቀመበትን ሙያ ያገኘው ከአስዋን አካባቢ ግንበኞች ነው።

ታዲያ የኔ ለምን አፈሰሰ?

አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ ስለሰማሁ ነው። «ጭቃ በዝናብ ይሟሟል፤ ከላይ በሲሚንቶ አስለስነው፣ ዕድሜ ልክህን አትነካውም» አለኝ። ግንበኛው ተው ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም።

ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶው አብሮት መሄድ አይችልምና ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁ ገባ፣ ከዚያ መውጫ አጣ። ልስኑን ስናነሳው ከሥሩ ያለው ጭቃ ገንፎ ሆኗል። ወንድሜ፣ ለብሎኬት የሚሆነው ሁሉ ለጭቃ አይሆንም። ሳታውቀው አትምከር። አንተ ሸጠህ ገባህ፣ አልጋው የራሰበት ግን እኔ ነኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ሲሚንቶውን በሙሉ ፍቀን ጣልነው። ጣሪያው እስኪደርቅ ጠበቅን። የጤፍ ጭድ ከደጋ አስመጣሁ፤ ከጭቃው ጋር ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተብላላ፣ በየቀኑ ተረገጠ። ወፍራም ላስቲክ አንጥፈን በላዩ በዚያ ጭቃ ለሰንነው። ውሃ መውረጃውንም ከግድግዳው ራቅ አድርገን አስረዘምነው። የበልጉ ዝናብ መጣ፣ ሄደ። አሁን ደግሞ ክረምቱ ተጋምሷል። አንዲት ጠብታ የለችም።

ስለ ቅዝቃዜው ብዙ አልልም። ግንቦት ላይ ጎረቤቶቼ የቆርቆሮው ግለት አላስተኛ ብሏቸው በረንዳ ላይ ሲያድሩ እኔ ነጠላ ደርቤ ነው የተኛሁት።

ርካሽ ነው ወይ? ለእንጨትና ለቆርቆሮ ምንም አላወጣሁም። ገንዘቡን የበላው ጉልበት ነው፤ ያ ወፍራም ግድግዳ ጡብ አይጠግብም። በየዓመቱ ከክረምት በፊት ጣሪያው ላይ ወጥቶ ማየት፣ የተላጠውን መለሰን ግድ ነው። ይህን የማይፈልግ ሰው አይጀምረው። እኔ ግን ግማሽ ቀን ሥራ ነውና አልማረርበትም።

ለልጆቹ የሚሆነውን ሁለተኛውን ክፍል ጥቅምት ላይ እንጀምራለን። ግንበኛውን ሳነጋግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ልስኑ ነበር። «አንተ እንዳልክ» አልኩት።