ለጓሮ ወፍ ፎቶ፦ ባለ 83 እጥፍ ዙሙ ኒኮን ወይስ ያገለገለ ካኖን?

የወፍ ፎቶዎቼን ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ኒኮን ፒ900 ልግዛ ወይስ ካኖን?» አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል። ትንሽም ብትሆን ግቢ ካላችሁ ያገለገለ ካኖን 700ዲ ከ55-250 ኤስቲኤም ሌንስ ጋር ግዙ (ቁጥሩ ሌንሱ የሚስብበት በሚሊሜትር ነው፤ ኤስቲኤም የፎከስ ሞተሩ ዓይነት ነው)። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንደሆነና ስትገዙ እንዳትሸወዱ ነው።

ከዋጋ እንጀምር፣ ሁላችንንም የሚያመን እሱ ነውና። ፒ900 በ2015 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 600 ዶላር ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በነበረው የባንክ ምንዛሪ፣ በ57 ብር ሒሳብ፣ 34 ሺህ ብር አካባቢ ማለት ነው። ከተለቀቀ በኋላ ያለውን ዶላር በ140 ብር እናስላው (ስታነቡት ከፍ ብሎ ይሆናል)፤ ያው 600 ዶላር 84 ሺህ ሆነ። እሱም አሁን አይመረትም። ተከትሎት በ2020 የወጣው ፒ950 ዋጋው 800 ዶላር ነበር፤ በዚሁ ስሌት 112 ሺህ ብር። ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ገና አልተነካም። ያገለገለ 700ዲ ቦዲ (ሌንስ የሌለው ካሜራ) እና 55-250 ሌንስ ግን ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሁለቱም ተደምረው በ300 ዶላር ገደማ ይገኛሉ። 42 ሺህ ብር። ከፒ950 ጋር ያለው ልዩነት 70 ሺህ ነው፤ በሱ ሌላ ብዙ ነገር ይደረጋል።

«ግን እኮ ፒ900 እስከ 2000 ሚሊሜትር ይስባል!» ይስባል። ጨረቃን ለማንሳት ድንቅ ነው። የአዲስ አበባ ግቢ ግን ከበረንዳ እስከ አጥር አሥር ሜትር ከሞላ ተመስገን ነው። 55-250ው 700ዲ ላይ ሆኖ ከአራት ሜትር ሲያነሳ የምስሉ ወርድ 36 ሴንቲሜትር ያህል ይሸፍናል። እሬት አበባ ላይ የሚመጣው፣ በሳይንሳዊ ስሙ የተከዜን ወንዝ ስም የያዘው ወፍ፣ ወንዱ ከነረጅም ጅራቱ 22 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ፍሬሙን ከግማሽ በላይ ሞላው ማለት ነው፤ ከዚህ ብዙ ብትስቡ ጅራቱ ይቆረጣል።

ደግሞ ወፏን ማቅረብ ዙም ከመግዛት ይረክሳል። ከበረንዳው ሦስት አራት ሜትር ላይ ጠፍጣፋ ሳህን ውኃ አስቀምጡ፤ ከጎኑ ደረቅ ቅርንጫፍ ትከሉ። ወፏ ወዲያው ሳህኑ ላይ አትወርድም፤ መጀመሪያ ቅርንጫፉ ላይ አርፋ ዙሪያዋን ታያለች። ፎቶው እዚያ ነው። ድመት ካላችሁ ግን ይቅርባችሁ።

ብርሃኑም አለ። ያ የተከዜ ወፍ ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ስትነካው ሐምራዊና ነሐስማ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ አንገቱን ሲያዞር ደግሞ ይጠፋል። ፒ900 በሰከንድ 7 ፎቶ ያነሳል፤ ግን ሰባቱን ካነሳ በኋላ ካርዱ ላይ እስኪጽፍ ያስጠብቃችኋል። 700ዲ በሰከንድ 5 ብቻ ነው፤ በጄፔግ ከሆነ ግን ከሃያ በላይ ሳይቆም ይቀጥላል። የካኖኑ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) በስፋት ከፒ900 ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ የክረምት ደመና ውስጥ ልዩነቱን ያለ መነጽር ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጥገና። እንደ ፒ900 ያለው፣ ሱፐርዙም የሚባለው ዓይነት ካሜራ ሌንሱ አይነቀልም። ዙም ባደረጋችሁ ቁጥር በሞተር ይወጣል፣ ይገባል፤ ሲገባ አቧራ ይዞ ይገባል። ከተማው ሁሉ ግንባታ በሆነበት ጊዜ ይህ ቀልድ አይደለም። የአንድ ዘመዴ ሱፐርዙም (ፋብሪካው ይቆየን) ሌንሱ ወጥቶ እንደተገተረ ቀረ። ጠጋኙ ከፍቶ ጥርሶቹ መሀል የገባውን አሸዋ አሳየው። መፍትሔው ሙሉውን የሌንስ ክፍል መቀየር ነው ተባለ፤ ክፍሉ እዚህ የለም፤ ከውጭ ይምጣ ሲባል ዋጋው ካሜራውን ሊደርስ ምንም አልቀረው። አሁን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሌንሱ ባይገተር እንኳ ሴንሰሩ ላይ አንድ ጉድፍ ካረፈ ለማጽዳት ካሜራው መፈታት አለበት። 700ዲ ላይ ሌንሱን ነቅላችሁ፣ ሴንሰሩን የሚሸፍነውን መስታወት ከሜኑው አስነስታችሁ፣ ቦዲውን ወደ ታች አዙራችሁ በጎማ መንፊያ እፍ ማለት ነው። በአፋችሁ አይደለም፤ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል።

ካኖኑም ይበላሻል፣ አልዋሽም። ግን ያ ሞዴልና ወንድሞቹ የሠርግና የልደት ፎቶ አንሺው ሁሉ የተማረባቸው ስለሆኑ የሞተ ቦዲ አይጠፋም። ሻተር (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ከአንዱ ተነቅሎ ለሌላው ይገጠማል። ሌንሱ ቢሰበር ሌንስ ብቻ ትገዛላችሁ።

ታዲያ ስትገዙ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ትልቁ ወጥመድ 75-300 የሚባለው የካኖን ሌንስ ነው። ሻጩ «300 ከ250 ይበልጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል» ይላችኋል። ሁለቱም እውነት ነው። ሌንሱ ግን የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋው አይኤስ የለውም፤ 300 ላይ ሲደርስ ደግሞ ምስሉ ይፈዛል። አካሉ ላይ አይኤስ እና ኤስቲኤም የሚሉት ሁለቱም ካልተጻፉ መልሱለት። ኒኮን ዲኤስኤልአር (እንደ 700ዲ ያለ፣ ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚነቀል ካሜራ) የሚያጓጓችሁ ካላችሁ፣ ኤኤፍ-ፒ የተጻፈባቸው አዳዲስ ሌንሶች እንደ ዲ90 እና ዲ3100 ባሉ አሮጌ ቦዲዎች ላይ ፎከስ አያደርጉም፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው።

ሌንሱን የስልክ ባትሪ መብራት ከኋላ እያበራችሁ እዩት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፤ ዋጋ ቢቀነስላችሁም አትውሰዱት። «ሻተሩ 8 ሺህ ብቻ ነው ያነሳው» ለሚላችሁ ደግሞ አሳየኝ በሉት። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ ካኖን አይጽፍም፤ ካሜራውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል። የ700ዲ ሻተር የተገመተለት ዕድሜ 100 ሺህ ፎቶ ነው፤ ከ60 ሺህ በላይ ከሄደ ዋጋው ይውረድ።

ባትሪ ላይ ፎርጅዱ በዝቷል። ኤልፒ-ኢ8 «ኦርጅናል» ተብሎ በሲሶ ዋጋ ከቀረበላችሁ ኦርጅናል አይደለም። አብጦ ቦዲው ውስጥ የተጣበቀ ባትሪ በጉጠት ሲወጣ አይቻለሁ። የራሱን ስም ጽፎ የሚሸጥ የሌላ ፋብሪካ ባትሪ የካኖንን ስም ሰርቆ ከለጠፈው ይሻላል። ሜሞሪ ካርድም እንዲሁ፦ 64 ጊጋ የሚል ተጽፎበት ውስጡ 8 የሆነ አለ። ቤት ስትደርሱ እስከ አፉ ሙሉትና ፋይሎቹን መልሳችሁ ክፈቱ፤ ካልተከፈቱ በማግስቱ መልሱት።

ስልክ ላይ የሚቆነጠጠውን «ቴሌስኮፕ ሌንስ» የሚጠይቁኝም አሉ። ርካሽ ነው። በዚያ ዋጋ የወፍ ጥራጥሬ ግዙበት።

ፒ950 የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ ኮንዶሚኒየም። አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ውኃ ሳህን የምታስቀምጡበት መሬት የለም፤ ወፉም ማዶ ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ያለ ጭልፊት ወይም የጎረቤት ጣሪያ ላይ የተቀመጠ አሞራ ነው። ለዚያ 250 አይበቃም፤ በዚያ ዋጋ ከሱና ከፒ900 ሌላ 2000 ሚሊሜትር የሚደርስም አላውቅም። ከገዛችሁ አቧራ ባለበት አትክፈቱት፣ ትራይፖድ ጨምሩበት፣ የተበላሸ ቀን እንደማይጠገን አስባችሁ ግዙ።

«ዲኤስኤልአር እኮ ጊዜው አለፈ፣ ሚረርለስ ልጠብቅ?» (መስታወት የሌለውን አዲሱን ዓይነት ማለታቸው ነው) ለሚሉኝም፦ ዋጋው የረከሰላችሁ ጊዜው ስላለፈ ነው። ነገ የካኖን አር ሚረርለስ ብትገዙ 55-250ው በካኖኑ አዳፕተር ይገጠምበታል፣ ፎከሱም ይሠራል። ስለዚህ ቦዲውን ስትሸጡ ሌንሱን አብራችሁ እንዳትሸጡት፤ ደላላው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።