መጀመሪያ ማቃለል ወይስ በቀጥታ ዜሮ ማድረግ? የራሽናል ፈንክሽን ማቋረጫ ነጥቦች አፈላለግ

የራሽናል ፈንክሽን (ፖሊኖሚያል ለፖሊኖሚያል ሲካፈል የሚገኝ ፈንክሽን) ግራፍ የኤክስ አክሲስን የት እንደሚያቋርጥ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ላዕሉን (ከላይ ያለውን) በቀጥታ ከዜሮ ጋር ማስተካከል ነው፤ ሌላው ላዕሉንና ታህቱን (ከታች ያለውን) ፋክተር አድርጎ፣ ማለትም በብዜት መልክ ጽፎ፣ የጋራውን መሰረዝ።

(ኤክስ² − ኤክስ − 6) ÷ (ኤክስ² − 9)ን እንውሰድ። በመጀመሪያው መንገድ ላዕሉ በ3 እና በ−2 ዜሮ ይሆናል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ሁለቱንም ጽፎ ይሄዳል፤ ስህተቱም ይኸው ነው። 3 ታህቱንም ዜሮ ያደርገዋልና ይወድቃል፤ የሚቀረው (−2፣ 0) ብቻ ነው። በሁለተኛው መንገድ (ኤክስ − 3) ተሰርዞ (ኤክስ + 2) ÷ (ኤክስ + 3) ይቀራል፤ −2 ወዲያው ይታያል። በ3 ላይ ደግሞ ግራፉ ቀዳዳ (አንድ የጎደለ ነጥብ) አለው፤ ከፍታው 5/6 ነው።

ታዲያ ማቃለል ይሻላል? ለኤክስ አክሲስ ማቋረጫ፣ ፋክተር ማድረጉ ቀላል ከሆነ፣ አዎ። ላዕሉ ኤክስ² − 5 ታህቱ ኤክስ + 1 ሲሆን ግን የሚሰረዝ ነገር ስለሌለ በከንቱ መልፋት ነው፤ በቀጥታ ±√5 ይገኛል።

ለዋይ አክሲስ ማቋረጫ ግን እኔ ዋናውን (ያልተቃለለውን) ፈንክሽን አለቅም። በኤክስ ቦታ 0 ማስገባት ብቻ ነው፦ በመጀመሪያው ምሳሌ −6 ÷ −9፣ ማለትም 2/3። (ኤክስ² + 2ኤክስ) ÷ ኤክስ ሲቃለል ኤክስ + 2 ይሆናል፤ 0 ቢገባበት 2 ይሰጣል። ዋናው ግን በ0 ላይ ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ የዋይ አክሲስን አያቋርጥም። (0፣ 2) ባዶ ክብ ሆኖ ይሳላል።